ፌንጣ ደረት ላይ የነበረው ወረቀት

አንጋፋዋ ተዋናይት ያችን ልጅ ፌንጣ ብላ የሰየመቻት በቀረጻው የመጀመሪያ ቀን ነው። ልጅቷ አንቱታ አልፈጠረባትም፤ ሰባ ዓመት የሞላትን ሴት ፊት ለፊት «አንቺ» አለቻት። አሮጊቷም «እናትሽ ስትወልድሽ ቀድሞ የወጣው ምላስሽ ነው» ብላ መለሰችላት። ከዚያ ወዲህ አይጥና ድመት ሆኑ። የሚያስቀው ነገር፣ ፊልሙ ስለ አንዲት አሮጊትና ስለ ወጣት ጎረቤቷ ወዳጅነት ነበር። ካሜራው ሲበራ ይተቃቀፋሉ፤ ሲጠፋ አንዷ የሌላዋን ወንበር በእግሯ ትገፋለች።

አሮጊቷ ግን ከፌንጣ የባሰ ጠላት ነበራት። ቃል ይጠፋባት ጀምሯል። ቤቷ ሆና እንደ ውሃ የጠጣችው ጽሑፍ መብራቱ ስር ስትቆም ብን ይላል። ዳይሬክተሩ ሦስት ጊዜ ታገሠ። በአራተኛው ግን ልብስ መቀየሪያው ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ የመሰናበቻውን ትዕይንት ዛሬ ካልተወጡት ሌላ ሰው አስጠራለሁ» አላት። አርባ ዓመት መድረክ ላይ የኖረች ሴት እንደ አሮጌ መጋረጃ ልትቀየር ነው። ይባስ ብሎ ፌንጣ ጥግ ላይ ጫማዋን እያሰረች ሁሉንም ሰማች።

«እሰይ፣ ደስ ይበልሽ!» አለቻት አሮጊቷ። ልጅቷ ጫማዋን አስራ ወጣች።

ለቀረጻው ፌንጣ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ ቆመች። ከትከሻዋ በላይ የሚታየው የአሮጊቷ ፊት ብቻ ነው። «ጀምሩ!» ተባለ። አሮጊቷ አፏን ከፈተች፤ ባዶ። ያን ጊዜ ፌንጣ ሹራቧን ገለጥ አደረገች። ደረቷ ላይ የአሮጊቷ ንግግር በትልልቁ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል።

ውርደቱ አሮጊቷን አንገበገባት። ከዚች ልጅ ደረት ላይ ልታነብ! ቢሆንም አነበበች፤ እንባዋም በንዴት ዱብ ዱብ አለ። «ሂጂ ልጄ። በሩን አልዘጋውም።» ዓይኗ ወደ ታች ሲወርድ የመጨረሻውንም መስመር ሳታስተውል ድምፅ አውጥታ አነበበችው፦ «አልወድሽም። ግን ያለ አንቺ አልጨርሰውም።»

ይህ በድርሰቱ ውስጥ የለም። ፌንጣ ከግርጌ የጫረችው ለአሮጊቷ ብቻ ነበር። ልጅቷ ክው ብላ ቀረች። ዳይሬክተሩ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እንዳለ ይቀመጥ!» ብሎ ጮኸ።

ፊልሙ በተመረቀበት ቀን አዳራሹ በዚያች ቃል ተንሰቀሰቀ። ሁለቱ መድረኩ ላይ አንድ እርምጃ ያህል ተራርቀው ተቀመጡ። አንድ ጋዜጠኛ፣ «እትዬ፣ ያችን ቃል ከየት አመጧት?» ሲል ጠየቃት።

ፌንጣ ቀደመች። «እዚያው በቆመችበት ነው የፈጠረቻት» አለች።

አሮጊቷ ውሸቱን ብትውጠው ሥራዋ ይተርፍላት ነበር። ግን ከዚች ልጅ ምጽዋት ከምትበላ ብትሞት ይሻላታል። ድምፅ ማጉያውን ነጠቀቻት።

«ውሸቷን ነው። ቃሉ ጠፍቶኝ ነበር። አሁን አሁን ይጠፋኛል። ከዚች ባለጌ ደረት ላይ ነው ያነበብኩት፤ ጽሕፈቷም የዶሮ ጭረት ነው።»



«ምን ነካሽ?» አለች ፌንጣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ከእንግዲህ ማን ያሠራሻል?»

«ማንም።» አሮጊቷ የልጅቷን ወንበር በእግሯ ወደ ራሷ ሳበችው። «አታልቅሺብኝ። ተጠጊና፣ የሚጠይቁኝን ስረሳ ንገሪኝ።»