ባዶ የተባለው ገንዳ

በሽታው ከመግባቱ በፊት በአባቴ ሳሎን ያለው የመስታወት ገንዳ እንዲህ ነበር። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ የውሃው ሙቀት ሃያ አምስት ዲግሪ፣ ጨዉ በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም። መሃሉ ላይ የተቆለለው ድንጋይ ከአሸዋው እስከ ጫፉ አርባ ሦስት ሳንቲሜትር ነበር፤ ይህን በእርግጠኝነት የማውቀው ከላዩ መብራት ልሰቅል ስል ስለለካሁት ነው። ቆሻሻ ከሚለቅሙት ሽሪምፖችና ቀንድ አውጣዎች ሌላ፣ ዓሣዎቹ አራት ነበሩ። ግንባረ ሰፊው፣ ሁሌም የተኮሳተረው ሰማያዊ ዓሣ «ዳኛው» ይባላል። ነጭ መቀነት የታጠቁት ሁለት ትናንሽ ብርቱካናማዎች «መንትዮቹ» ናቸው። አራተኛው አመድማ፣ ከጣት የማይበልጥ፣ ውሎና አዳሩ በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ነው። አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ ገቢ ወጪውን ሲቃኝ ስለሚውል እናቴ «ጎረቤት» አለችው።

ድንጋዩን የቆለለችውም እናቴ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እጇ ታጋሽ ነው። ከላይ እንደ ቅስት የተደፋውን ትልቁን ድንጋይ ለማስቀመጥ አንድ ሙሉ እሑድ ፈጀባት። ሲቆምላት ጊዜ «ያለ ማጣበቂያ!» እያለች ለመጣው እንግዳ ሁሉ ትፎክር ጀመር። ከሞተች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከእሷ ወዲህ ወንበሩን ገንዳው ፊት ስቦ፣ እንደ ሥራ ዘመኑ በትልቅ መስታወት ወደፊት እያየ ይውላል።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ዳኛው ጎኑን ድንጋይ ላይ ሲያሽ ነው። በማግስቱ ክንፉ ላይ እንደ ጨው ቅንጣት ያለ ነጭ ነጥብ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። የሚተነፍስበት ስንጥብ በደቂቃ መቶ አርባ ጊዜ ይከፈት ነበር። በደህና ጊዜ ሰማንያ ነው።

«ብርድ መቶት ነው» አለ አባቴ።

«ዓሣን ብርድ አይመታውም፣ አባዬ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ? ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ሽንት ስታዪ ኖረሽ።»

የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ስለዚህ ስድቡ ስህተት አልነበረበትም። በዚያው ሙያዬ ከዳኛው ቆዳ ላይ ልጋጉን በስላይድ ጠርዝ ፍቄ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጥኩት። ክብ፣ ጠቆር ያለ፣ ዙሪያውን ጥቃቅን ፀጉር የለበሰ ነገር እንደ ሰነፍ ወፍጮ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ጥገኛ ተባይ ነው። ከዓሣው ላይ ጠግቦ ይወድቃል፣ ድንጋይና አሸዋ ላይ ተጣብቆ ይባዛል፣ ልጆቹ ደግሞ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። ካላገኙ ያልቃሉ።

«ስለዚህ ዓሣዎቹን በሙሉ ጓዳ ባለው ትንሽ ገንዳ አድርገን በመዳብ መድኃኒት እናክማቸዋለን» አልኩት። «ይኸኛው አሥር ሳምንት ያለ ዓሣ ይቆያል። መዳቡን እዚሁ ብጨምረው ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን ይፈጃል፤ ድንጋዩም ይመጠዋል።»

«ባዶውን ይቀመጥ?»

«ባዶውን። አንድ ዓሣ ከቀረ ልፋታችንን ውሃ በላው።»

ዳኛውንና መንትዮቹን በምግብ አባብለን ግልጽ ሣጥን ውስጥ አስገባናቸው። ጎረቤት መረቡን ሲያይ ወደ ድንጋዩ ሆድ ገባና በዚያው ቀረ።

«ድንጋዩን ማንሳት አለብን።»

«ድንጋዩን እንዳትነኪ።»

ሳይጮህ ነው ያለው። አባቴ ካልጮኸ የምሩን ነው። ለነገ ይደር ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቀኝ።

«ጎረቤት ሞተ። ጠቅልዬ ጣልኩት።»

ፊቱን አየሁት፤ የሐዘንተኛ ፊት ነው። ናሙና ሳላይ ውጤት ጽፌ አላውቅም። ያን ቀን ግን የአባቴ ፊት በቃኝ።

የመዳብ ነገር ጠባብ መንገድ ነው፤ ካነሰ ተባዩን አይገድልም፣ ከበዛ ዓሣውን ይገድላል። ጠዋትና ማታ እለካ ነበር። የዳኛው ነጥቦች ረገፉ፣ ትንፋሹ ረጋ፣ መብላት ጀመረ። ሳሎን ያለው አባቴ ግን እንደዚያ አልነበረም። ወንበሩን ሳያነሳ ውሃና ድንጋይ ብቻ ወደቀረው ገንዳ አፍጥጦ ይውላል። ስገባ ዝም ይላል።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከበላያችን ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ወንድሜ እየለቀቀ ነው።»

«ምኑን?»

«አእምሮውን ነዋ! ትናንት በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ ባዶውን ገንዳ ‹ና ብላ፣ አትፍራ፣ እሷ የለችም› እያለ ያባብለዋል። ሰው ከድንጋይ ጋር ያወራል?»

«ዓሣዎቹንም እኮ ያወራቸው ነበር፣ አክስቴ።»

«ዓሣማ እኔስ አወራው የለ! ይኼ ውሃ ነው፣ ልጄ። ውሃ!» ክንዴን ጠበቅ አደረገችው። «እናትሽን እየጠራ ነው። ሐኪም አሳዪው፤ ሳይብስበት።»

‹እሷ የለችም› የሚለው ሆዴ ውስጥ ቀረ። በዚያው ሳምንት ከሆስፒታላችን የአእምሮ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝኩለት። ለአባቴ እንዴት ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ ቀኑ ተቃረበብኝ።

የባዶውን ገንዳ ውሃ መመርመር ግን አልተውኩም። ዓሣ ከሌለና ምግብ ካልገባ ከቆሻሻ የሚመጣው ናይትሬት እየወረደ መሄድ አለበት። እሱ ግን ከፍ አለ። መመርመሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በአዲስ ደገምኩት፤ ብርቱካናማ መሆን የነበረበት ውሃ ቀላ። ሽሪምፖቹ ይህን ያህል አያቆሽሹም። የመመርመሪያውን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን እንዳነሳሁ አክስቴ የነገረችኝ መጣብኝ። ና ብላ። ሁለት ምልክት ሲታይ ሁለቱንም የሚያስረዳ አንድ ምክንያት አስቀድሞ መፈለግ ደንብ ነው። እዚህም ነበር። አባቴ አላበደም። የጠራውም እናቴን አይደለም፤ ‹የለችም› ያላት እኔን ነው።

በምሳ ሰዓት ፈቃድ ጠይቄ መጣሁና በራሴ ቁልፍ ገባሁ። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ረጅሙን መቆንጠጫ ውሃ ውስጥ ዘርግቷል። ከቅስቱ ሥር ካለው ቀዳዳ ጎረቤት እስከ አንገቱ ወጥቶ ይበላል።

«አላበድክም» አልኩት።

አልዞረም። «ማን አበደ አለሽ?»

«እትዬህ።»

«እሷ ከተወለድኩ ጀምሮ ስትለው ኖራለች።» መቆንጠጫውን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ጠረገው። «ዋሸሁሽ።»

«ዋሸኸኝ።»

«እስቲ እየው። አንድ ነጥብ አለበት? ጤነኛ ነው።»

«ልጋጉ ወፍራም ስለሆነ ተባዩ አይጥለውም። ግን ስንጥቡ ውስጥ አስጠግቶ ይቀልበዋል። ዳኛውን ወደዚህ ብትመልሰው በወሩ ትቀብረዋለህ።»

«እንግዲያስ ይኼ እዚህ፣ ያ እዚያ ይኑሩ!»

«ና።»

ወደ ጓዳ ወሰድኩት። ዳኛው አፉ አንዱን መስታወት፣ ጭራው ሌላውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ሊዞር ሞከረ፤ አጋደለ፣ ግድግዳውን ገጨ፣ እንደገና ሞከረ። አፍንጫው ተልጧል። አባቴ ዕድሜውን በጠባብ መንገድ ትልቅ መኪና ያዞረ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

«መዞሪያ የለውም» አለ።

«የለውም።»

«ድንጋዩን ካፈረስኩት መልሼ አልሠራውም። እጇ ነው እኮ ያለበት። ከእሷ በኋላ ማንም አልነካውም።»

ፎቶ አነሳዋለሁ፣ እንዳለ እንመልሰዋለን ማለት እችል ነበር። እንዳለ እንደማይመለስ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። አባቴ ወደ ሳሎን ተመለሰ፤ ሰዓቱን ፈትቶ መደርደሪያው ላይ አኖረና «ባልዲ አምጪ» አለኝ።

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ራሱ አወጣ፤ እኔ ፎቶ ካነሳሁ በኋላ ባልዲ ከመያዝ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ቅስቱን በሁለት እጁ ሲያነሳው ከጀርባው፣ ከፊት ከማይታየው በኩል፣ አንድ ነገር ተፈልቅቆ ተንሳፈፈ። ባዶ የፕላስቲክ የክር ማጠንጠኛ ነው። እናቴ ለቅስቱ ድጋፍ ሸጉጣው ኖሯል።

አባቴ ውሃ እያንጠባጠበ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ከዚያ ሳቁ መጣ። ወንበሩን ይዞ፣ ዕንባው እየወረደ፣ «ያለ ማጣበቂያ! ያን ሁሉ ሰው... ያለ ማጣበቂያ!» እያለ ይስቃል። አክስቴ ከላይ ሰምታ ከች አለች። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ውሃ፣ ድንጋዩን፣ ወንድሟን አየችና እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«በቃ! ዛሬስ ለየለት!»

ጎረቤት በመጨረሻው ድንጋይ ውስጥ ነበር። ከባልዲው በላይ አድርገን ስንነቀንቀው ጠብ አለ። መዳቡ ለእሱ ይከብዳል ብዬ ስለፈራሁ ለብቻው አድርጌ የውሃውን ጨው ከግማሽ በታች በማውረድ አከምኩት። ቀጠሮውን ሰረዝኩ። ባዶነቱ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለሆነ አሥሩ ሳምንት እንደ አዲስ ተጀመረ፤ ዳኛውና መንትዮቹም በጠባቡ ገንዳ እንዳሉ ቀሩ።

በመሃል ከመንትዮቹ አንዱ ሞተ። አባቴ በስኒ ማስቀመጫ አድርጎ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ አቀረበልኝ።

«ይኸው። ይኼኛው እውነት ነው። መርምሪው።»

መረመርኩት። ተባይ የለበትም። መዳቡ በዝቶበት ይሁን ቦታው ጠቦት፣ ለይቼ አላወቅሁም። በመጀመሪያው ቆጠራ ወደ ቤቱ ቢመለስ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር። አባቴ ስኒ ማስቀመጫውን አጠበውና ደጋግሞ አደረቀው።

ጊዜው ሲሞላ ናይትሬቱ ወርዶ ነበር። ሦስቱን መለስናቸው። ዳኛው ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄዶ፣ ያለ አንድ ግጭት ዞረ። ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ ሰማንያ ሁለት። ጎረቤት አሸዋው ላይ ሲያመነታ ቆየና ድሮ ባልነበረ ቀዳዳ ገብቶ አንገቱን አወጣ። አባቴ ወንበሩን ትንሽ ወደ ግራ ሳበ፤ ከዚያ ነው የሚታየው።

ድንጋዩን የቆለለው ያፈረስን ዕለት፣ ፎቶውን እያየ፣ ብቻውን ነው። ሁለት ጊዜ ተናደበት፤ በሦስተኛው ቆመ። ማጠንጠኛውን አልመለሰውም፤ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው፣ ቅርጹ ይታያል። መብራቱን ዝቅ ማድረግ ስለነበረብኝ ሜትሬን አውጥቼ ከአሸዋው እስከ ቅስቱ ጫፍ ለካሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲሜትር።