የዲቦራ የፊት ጎማ

እማማ ማሚት ምራታቸው ብስክሌቷን ገልብጣ ስትሠራ ማየት አይወዱም ነበር። ያኔ ዲቦራ ከሸኮ በሙሽርነት ቴፒ የገባች ሰሞን ነው። ቀሚሷን ሰብስባ ግቢው መሃል ቁጢጥ ትላለች፤ ብስክሌቷን በመሪዋና በኮርቻዋ ታቆማትና እጇ እስከ ክንዷ በግራሶ ይጠቁራል። እማማ ማሚት ጎረቤት እንዳያይ የግቢውን በር ይዘጉ ነበር።

«ልጄ፣ ባልሽ ጋራዥ ይውሰድልሽ እንጂ፤ የምን ጉድ ነው ይሄ?» ይሏታል።

«እማማ፣ ጋራዥ ከገባች መቼ ትወጣለች? እኔ ሥራ አለብኝ» ትላለች እየሳቀች።

ሥራዋ ክትባት ነው። የበረዶ ሳጥኗን ከኋላዋ አስራ፣ ባጃጅ የማይደፍረውን የጫካ መንገድ ይዛ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሕፃናት ትከትባለች። እየዋለ እያደረ እማማ ማሚት በሩን መዝጋት ተዉ። ቆይተው ደግሞ ዱካቸውን ይዘው አጠገቧ መቀመጥ ጀመሩ። የተነፈሰውን የጎማ ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ ነክራ አረፋ ስትፈልግ፣ እሳቸውም አንገታቸውን አስግገው «እዚህ ጋ ነው፣ እዚህ ጋ፤ አየሁት» ማለት ለመዱ። ለካስ ያ ሁሉ ብረት ሥርዓት አለው። ለካስ ልጅቱ እያንዳንዱን ብሎን እንደ ዘመድ ታውቀዋለች።

ቡና ለቀማው በደራበት ወቅት ነው ነገሩ የመጣው። ዲቦራ ወደ ማዶ ስትሄድ የፊት ጎማው መንገድ ላይ ተያዘና አልዞር አላት። እየገፋች፣ እየጎተተች ስትደርስ እናቶቹ ጠብቀው ጠብቀው ወደ ለቀማቸው ተበትነዋል። የዚያን ቀን እራት ሳትበላ ተኛች።

«እናቶቹን ሰው ልኬ ለሌላ ቀን ቀጥሬያቸዋለሁ» አለቻቸው ጠዋት ለእማማ ማሚት። «አሁንም ካረፈድኩ ግን ልጆቻቸውን ይዘው አይወጡልኝም። በለቀማ ሰዓት ማን ቀኑን ደጋግሞ ያቃጥላል?»

በቀጠሮው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጎማውን ፈታች። መሃሉ ተከፍቶ ሲታይ ግራሶው እንደ ሸክላ ጭቃ ደርቋል። ትንንሾቹን የብረት ኳሶች አንድ በአንድ ለቅማ በነጭ ጋዝ አጠበቻቸው።

«እማማ፣ እስኪደርቁ የማስቀምጥበት ነገር ይስጡኝ፤ እንዳይጠፉብኝ።»

እማማ ማሚት ደግሞ ከሰፌዳቸው በላይ የሚያምኑት ዕቃ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ደረቅ ቡና እየወቀጡ ሲያበጥሩበት የዋሉትን ሰፌድ መታ መታ አድርገው አቀረቡ። ኳሶቹ እንደ ፍሬ ተንከባለሉ፤ እሳቸውም ልማድ ሆኖባቸው ወዝወዝ አደረጓቸው። ዲቦራ የሚመጣውን ዝናብ እያየች ነበርና አላስተዋለችም። ቶሎ ቶሎ ግራሶ ቀብታ፣ ኳሶቹን ደርድራ፣ ገጥማ አሰረችው።

በማግስቱ ማለዳ በእግሯ ሄዳ ሳጥኑን ከጤና ጣቢያ አመጣች፤ ብስክሌቷ ላይ አሰረችው። ገና ከግቢው ሳትወጣ የፊት ጎማው ክርር፣ ክርር አለ። ባጃጁን ሊያስነሳ የወጣው ጎረቤታቸው ኸይሩ ሰማት።

«ዲቦራ፣ ወፍጮ ቤት ከፈትሽ እንዴ?»

«ወሬህን ትተህ ባጃጅህን አስነሳ።»

«በይ አምጪያት፣ ጋራዥ ላድርስልሽ። ከሰዓት ትወስጃታለሽ።»

«ከሰዓት እናቶቹን ከየት አመጣቸዋለሁ?»

ሳጥኑን ፈታ ጥላ ውስጥ አኖረች። ብስክሌቷን ገልብጣ ጎማውን እንደገና ከፈተችው። ግራሶውን በጣቷ ጠርጋ ወደ ብርሃን አቀረበች። ገለባ ነው፤ የቡና ገለባ። ዞር ብላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰፌድ አየችና ወዲያው ዓይኗን መለሰች። እማማ ማሚት ግን አይተዋታል።

«እኔ ነኝ» አሉ። «በገዛ እጄ አስቀረሁሽ።»

«ኧረ እማማ፣ ይሄ ሰፌድ ዕድሜውን ሙሉ ገለባ ሲያባርር ኖሮ ትናንት አንጀቱ ራራ መሰለኝ። ይልቅ አንድ ሳህን ያምጡልኝ። እንደርሳለን።»

እንደርሳለን ስትላቸው እማማ ማሚት ብድግ አሉ። ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን አበባማ ሳህን ከቁም ሳጥኑ አወጡ፤ በሳሙና አጥበው፣ አድርቀው፣ በሁለት እጃቸው ያዙላት። ዲቦራ ኳሶቹን እንደገና አጠበች፤ እያንዳንዱን በጨርቅ ወለወለች፤ የሚቀመጡበትን ጎድጓዳ በጣቷ ጫፍ ዳበሰች። ቸኩላለች፤ እጇ ግን አይቸኩልም። አዲስ ግራሶ ሞልታ ኳሶቹን ደረደረች።

ብሎኑን አጠበቀችና ጎማውን መታ አደረገችው፤ ቶሎ ቆመ። ጠብቋል። ፈታ አደረገችው፤ ግራና ቀኝ ተነቃነቀ። ላልቷል። ዓይኗን ጨፍና ቁልፉን የፀጉር ያህል መለሰች። ጎማው ዞረ፤ ድምፅ የለውም። ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ የከበደው ወገኑ ወደ ታች እስኪሆን ድረስ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ በራሱ ጊዜ አረፈ። ሥራ ለመሄድ የተነሳው ኸይሩ አሁንም እዚያው ቆሟል።

«ማነው ያስተማረሽ?» አላት፤ ቀልዱ ጠፍቶበታል።

«ማንም በሌለበት መበላሸቷ» አለችና ሳጥኗን አስራ ወጣች።

እማማ ማሚት ያን ረፋድ ሥራ አልያዝ አላቸው። ቡናቸውን ለማድረቅ ያሰጡበት አልጋ ዘንድ ይሄዳሉ፣ አንድ እፍኝ ያገላብጣሉ፣ ወደ በሩ ይመለሳሉ። ስልኩ ሲጮህ ሊጥሉት ነበር።

«እማማ፣ ደረስኩ።» ታለከልካለች።

«አሉ?»

«ሕፃናቱን አዝለው ሊሄዱ ተነስተው ነበር። አንዷ የብስክሌቷን ደወል ሰምታ ጠራቻቸው። ሁሉም ተመለሱ።»

ከዚያ ወዲያ ዲቦራ አላናገረቻቸውም፤ ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ሥራዋ ገብታለች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሕፃን ጩኸቱን ለቀቀው። ሌላው ተከተለ። ሦስተኛው ከሁለቱም ባሰ። እማማ ማሚት ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ኸይሩ ተሳፋሪ አውርዶ ሲመለስ አገኛቸው፤ ለቅሶው ከስልኩ አልፎ እሱ ዘንድ ይሰማል።

«እትዬ ማሚት፣ ምን ሆነው ነው ልጆቹ እንዲህ የሚያለቅሱት?»

«ዝም በል፣ ያልቅሱ» አሉት፤ ፊታቸው በርቷል። «ያልቅሱ፤ ልጄ ደርሳለች።»