ውሃ የማይጠይቅ ዛዕተር

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ ሩቅያ ደግሞ መጠርጠር አንሷት አያውቅም። ያን ቀን ዐረብ አገር ከምትሠራበት ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር ስትደርስ ማዳሟ ሲሀም ከበረንዳው ፊት ያለችውን ምንጣፍ የምታክል ሣር በሰው ታስነቅላለች።

"ኸላስ፣ በቃኝ ሩቅያ፣ በቦቴ ውሃ እየገዛሁ ሣር አላጠጣም" አለቻት። "ያገራችንን ተክል ነው የማስተክለው፣ ዛዕተር። እሱ አንዴ ከያዘ፣ ያኒ፣ የሚያጠጣው ሰው አይፈልግም።"

ሰው አይፈልግም! የሩቅያ ልብ ድንግጥ አለ። ቤቱን ማዳሟ ራሷ ነው የምታጸዳው፤ ሩቅያ የምትጠራው ለሣሩ ነው። ያለ መኖሪያ ወረቀት ከቀድሞ አሠሪዋ ቤት የወጣች ሴት ሌላ ሥራ ከየት ታመጣለች?

ናባዓ ሰፈር አብራት የምትኖረው ያገሯ ልጅ ነስሪያ አባሰችው። "አንቺ ሞኝ! 'ውጪልኝ' ማለት ከብዷት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?"

ደግሞ ዛዕተሩን ስታየው የወሎ ጦስኝ ዘመድ ነው። ጦስኝን ጋራ ላይ ማን አጠጥቶት ያውቃል? ማዳሟ "አረሙን ንቀይ እንጂ ውሃ እንዳታስነኪው" እያለች መጥራቷን አልተወችም፤ ግን "ሜርሲ ሐቢብቲ" ብላ በቁልምጫ ስታመሰግናት፣ ከእህቷ ጋር በስልክ ስትንሾካሾክ፣ ሁሉም የስንብት ምልክት መሰላት።

እና ምን አደረገች መሰላችሁ? ውሃ ላስለምደው አለች! ውሃ የለመደ ተክል ውሃ ይጠይቃል፣ ውሃ ከጠየቀም ሩቅያን ይጠይቃል። ማዳሟ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለች ቁጥር ከሕንፃው የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ በባልዲ እየቀዳች ዛዕተሩን ታንበሸብሸው ገባች።

ሙቀቱ ሲገባ ዛዕተሩ ቢጫ ሆነ። ማዳሟ አንዱን ብትነቅለው ሥሩ በስብሶ ይሸታል።

"የሸጠልኝ ሰውዬ አታለለኝ!" ብላ ጮኸች። ሩቅያ "እኔ ነኝ" በማለት ፈንታ ባልዲውን በእግሯ ገፍታ ከበሩ ኋላ ደበቀችው። ፈራች፣ አፈረችም።

"እኔ እኮ የቅጠሉን ለቀማም ማድረቁንም ላንቺ አስቤው ነበር" አለች ማዳሟ አዝና። "እህቴም ግቢዋን እንዲህ አስተክላ ሩቅያ መጥታ ትንከባከብልኝ እያለች ስትለምነኝ ነበር የከረመችው። አሁን ይሄን አይታ ትተክላለች? ኸላስ፣ ሲሚንቶ ይፈስበታል። እስኪደርቅ አትምጪ።"

"ከደረቀ በኋላስ፣ ማዳም?"

ማዳሟ ግራ ገብቷት አየቻት።

"ከደረቀ በኋላማ ምን ትሠሪያለሽ፣ ሐቢብቲ?"