ሳይውጥ ነው የመጣው

ወንድሜ ኩላሊቴን ከተቀበለ ብዙም ሳይቆይ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልብስ ሰፊ ነው። በመርፌ ቀዳዳ ክር ለማስገባት ሲታገል አየሁና «አምጣ፣ እኔ ላስገባልህ» ብለው፣ «ኩላሊትህን ሰጠኸኝ፤ አሁን ደግሞ ዓይንህን ልትጨምርልኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ «አከራዬ» ነበር የሚለኝ። ገና በር ስከፍት፣ «አከራዬ መጣ፤ ቤቱን ሊያይ ነው» እያለ ሆዱን መታ መታ ያደርጋል።

መንቀጥቀጡ ከመድኃኒቱ እንደሆነ ሐኪሙ ነገረን። ሰውነቱ የእኔን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው የሚከላከል መድኃኒት ነው። «ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን። አሁን ግን ገና ነው» አለው። መጠኑ የሚወሰነው በደም ምርመራ ነው፤ ደሙም የሚቀዳው የጠዋቱ ኪኒን ከመዋጡ በፊት ነው። ውጦ ከመጣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ ያለፈ ይመስላል። ይህን ለሁለታችንም ደጋግሞ አስረድቶናል።

በየቀጠሮው አብሬው እሄድ ነበር። ደም የምትቀዳው ሴት «ውጧል?» ስትል የምመልሰው እኔ ነኝ።

«ሳይውጥ ነው የመጣው።»

ውጤቱ በዝቶ መጣ፤ ሐኪሙ ቀነሰ። ቀጥሎም በዝቶ መጣ፤ አሁንም ቀነሰ። የወንድሜ እጅ ረጋ። መጀመሪያ የሰፋው ለእኔ ኮት ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ልክክ አለ። «ኪራይህን ተቀበል» አለኝ።

ከዚያ የኩላሊቱ ውጤት መበላሸት ጀመረ። ሐኪሙ ግራ ገባው። «መድኃኒቱ ይህን ያህል በዝቶ እንዴት ሰውነቱ ያጠቃዋል? ሳይውጥ እንደሚመጣ እርግጠኛ ናችሁ?»

ወንድሜ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት። «እኔ አለሁ አይደል ዶክተር? በእኔ ይሁንብዎት።»

ዛሬ ጠዋት ተራ ይዤ ስመለስ፣ መተላለፊያው ጥግ ካለው ቧንቧ ጎንበስ ብሎ ሲጠጣ አገኘሁት። የኪኒኑ ባዶ ማሸጊያ በእጁ ነበር።

«ምንድን ነው የዋጥከው?»

«ከረሜላ።»

«ጋሼ!»

«እና ምን ላድርግ? እጄ ነው የሚያበላኝ። እየተንቀጠቀጥኩ የማንን ሱሪ ልስፋ?»

«ይቀነሳል አላለህም?»

«እስኪቀነስ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኛል?»

«የእኔ ኩላሊት እኮ ነው!»

«ያንተማ እዚያው ሆድህ ውስጥ ነው። ቀልዱን አምነህ የምር አከራይ ሆንክ እንዴ?»

የተሰጠ ነገር የተቀባዩ ነው፤ እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ሲንቀጠቀጥ የነበረውንም እጁን አይቻለሁ። ግን የዋሸው በእኔ አፍ ነበር። «ሳይውጥ ነው የመጣው» ባልኩ ቁጥር አጠገቤ ቆሞ ይሰማኝ ነበር።

«ግባና ራስህ ንገራቸው» አልኩት።

«አልናገርም። አንተም ወንድሜ ከሆንክ ዝም ትላለህ።»

ተጠራን። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋ፤ ንቅንቅ አይልም። ሴትየዋ እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዞረች።

«ውጧል?»

«ውጧል» አልኩ። «ከዚህ በፊትም እየዋጠ ነበር የሚመጣው። ለዶክተሩ ንገሪልን።»

ሐኪሙ ወዲያው እንዲተኛ አዘዘ። ኩላሊቱ ይትረፍ አይትረፍ ገና አልታወቀም። አልጋ እስኪዘጋጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን፣ ወንድሜ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ከዳኸኝ» አለ። እኔ ልለው አፌ ላይ የነበረውን ቃል ቀማኝ።

«ኮቱን አውልቅ።»

አውልቄ ሰጠሁት። ገበሩን ወደ ውጭ ገልብጦ፣ እጅጌን በእጅጌ ላይ አስተካክሎ፣ ልብስ ሰፊ እንደሚያጥፈው አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። አንድም ጣቱ አልተንቀጠቀጠም።