የሁለት መሐላ ቤት

መሐላ ከአንደበት ለመውጣት ቀላል፣ በሕሊና ላይ ለመኖር ግን ከባድ ነውና፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ክቡራንና ልዑላን በሚባሉት ቤቶች ከሰይፍ ይልቅ መሐላ ብዙ እንባ ማፍሰሱ አይግረምህ።

በፈረንሳይ አገር፣ ከባሕር ወደብ አጠገብ በሚገኝ ጠባብ ቤት፣ ስኮትላንዳዊው ስደተኛ መስፍን ጌታ አርኪባልድ ከልጁ ከኢሶቤል ጋር ከማለዳ የጀመረው ክርክር ገና አልበረደም ነበር። በጠረጴዛው ላይ የምሕረት ደብዳቤ ተዘርግቷል፤ መስፍኑ ሲዋጋው ለኖረው ለአዲሱ ንጉሥ ታማኝነቱን ምሎ ቢፈርም፣ ከዐሥራ ስድስት ዓመት ስደት በኋላ ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ባይፈርም ግን ደብዳቤውን ያመጣችው መርከብ ከቀትር በኋላ ትታቸው ትሄዳለች። በላይኛው ክፍል ሳል የጣላት የኢሶቤል እናት ወይዘሮ ግሪዘል፣ ሐኪሙ እንደ ተናገረው፣ ሌላ ክረምት አትሻገርም፤ ምኞትዋም በአባቶችዋ መቃብር ማረፍ ብቻ ነበር።

ኢሶቤል ለምናለች፤ አልቅሳለች፤ አባትዋ ግን ለቀድሞው ንጉሥ ተንበርክኮ እንደ ማለ፣ ንጉሡም በሕይወት ሳለ ሁለተኛ እንደማይምል፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነገራት። የእናትዋ መታመም እርሱን ከነነፍሱ ለመቅበር ምክንያት እንደማይሆንም አከለበት።

ያን ጊዜ በዚያ ቤት ማንም ያልደፈረውን ነገር አነሣች። ጦርነት በመጣ ጊዜ አንዳንድ የአገራቸው መሳፍንት ቤተ ሰባቸውን ለሁለቱ ነገሥታት ያካፍሉ ነበር፤ ማንም ቢያሸንፍ ርስቱ ከቤቱ እንዳይወጣ ነው። ጌታ አርኪባልድም ራሱ ከቀድሞው ንጉሥ ጋር ሲሰለፍ፣ የበኩር ልጁን ማልኮምን ለጠላቱ ለአዲሱ ንጉሥ እንዲምል አስገድዶት ነበር።

«አባቴ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማልኮም እግርዎን ይዞ ‹አያስምሉኝ› ሲልዎ ምን አሉት? ‹መሐላ እስትንፋስ ነው፤ ርስት ግን አጥንት ነው› አላሉትምን?»

«ለቤታችን ብዬ ነው።»

«እናቴስ የማን ቤት ናት? ለልጅዎ ነፍስ የቀለለው መሐላ ለእርስዎ ነፍስ ብቻ ከበደን?»

የመስፍኑ ፊት ዐመድ መሰለ። ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ብዕሩን ከቀለሙ ነከረ፤ ሁለት ጊዜ አቋርጦ ስሙን ጻፈ። ኢሶቤል ጉልበቱን ለመሳም ዝቅ ባለች ጊዜ ግን እግሩን ሰበሰበ፤ ከርስቱ የተሰደደ ሰው መሐላውን ስንቅ አድርጎ ይኖራል፣ ስንቁን ጥሎ ወደ ርስቱ የሚገባ ግን በገዛ ደጁ እንግዳ ነውና፣ ጌታ አርኪባልድ የፈረመውን ወረቀት ይዞ ብቻውን ወደ ወደቡ ወጥቶ ሄደ።