ድምፅዋ በቂ አይደለም

«ውጤት ገና አልተለጠፈም፤ ሰኞ ነይ» አለኝ ሰውየው ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል።

«የኔ ተለጥፏል» አልኩት።

«ቅሬታ ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ ነው የምንቀበለው። ጽፈሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ። ግን ልንገርሽ፣ ማርክ በልመና አልጨምርም።»

ቅሬታዬን በጽሑፍ ካቀረብኩ ወራት አልፈዋል። ሰውየው የኮሌጁን የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ተክቶ የተቀመጠ ሠራተኛ መስሎኝ ስለነበር፣ ሥራውን ገና አልለመደውም ብዬ አዘንኩለት።

«የቃለ ጉባኤ ግልባጭ ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ፍርድ ቤት ያዘዘውን። ጸሐፊዋ ታውቃለች።»

ቀይ እስክሪብቶው ቆመ። ያኔ ነው ሲያርመው የነበረውን ወረቀት ያየሁት፤ የካርታ ንባብ ፈተና ነው። ተማሪው የከፍታ መስመሮቹን እርስ በርስ አቆራርጧቸዋል፤ እኔም ብሆን ስህተት ብዬ አርመው ነበር።

«አንቺ... ማለቴ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ ከሳሿ?»

«እርስዎስ?»

«እኔ የተቀጠርኩት ነኝ።»

ብድግ ብሎ ወንበሩን ወደኔ ገፋ። በክፍሉ ውስጥ ሌላ ወንበር አልነበረም። «ይቀመጡ» ይለኛል፤ «ግድ የለም» እለዋለሁ። ጸሐፊዋ ግልባጩን ይዛ እስክትመጣ ድረስ ሁለታችንም ቆመን ቀረን።

ኮሌጁ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ለመቅጠር ማስታወቂያ ሲያወጣ በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ከሠላሳ ነጥብ ዘጠኝ ብቻ ሰጡኝና ሁለተኛ ሆንኩ። ለምን ብዬ ብጠይቅ «የአመልካቿ ድምፅ ለማስተማር በቂ አይደለም» የሚል የአንድ መስመር መልስ ሰጡኝ።

ድምፄ ትልቅ አይደለም፤ አልክድም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብዬ ያሰብኩበት ቦታ የወረድኩበት ቀን ጥቂት ነው። ነገር ግን በአንድ የማታ ትምህርት ቤት ሳስተምር ቆይቻለሁ፤ ቀን ሥራ ሲሠሩ ውለው ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ጎልማሶች እንኳ አልሰማንሽም ብለውኝ አያውቁም። የቃለ መጠይቁ ዕለት ግን መብራት ጠፍቶ ነበር። ከፈተናው ክፍል መስኮት ሥር ጄኔሬተር ይንደቀደቃል። መስኮቱ ይዘጋልኝ ብዬ ብጠይቅ የኮሚቴው ሰብሳቢ «በዚህ ሙቀት?» ብለው በያዙት ማኅደር ፊታቸውን አራገቡ። ሰሌዳው ላይ ኮረብታ ሥዬ ሳስረዳ ሦስቱም ፈታኞች እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዩኝ ነበር። ከጸሐፊዋ የተቀበልኩትን ቃለ ጉባኤ ሳነበው ጄኔሬተር የሚል ቃል የለበትም። መስኮትም የለም። ያለው ድምፄ ብቻ ነው።

እናቴ ክሱን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገችኝ።

«ዝም ባይነቅዝም ደመወዝ አይከፈለውም፣ እትዬ» አላት አጎቴ። ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ጠበቃ ነው። እሱ ድምፅ አይቸግረውም። ቤታችን ሆኖ ስልክ ሲያወራ ጎረቤቶች ጉዳዩን ይከታተላሉ፤ በማግስቱ መንገድ ላይ ሲያገኙን «ያ የውርስ ነገር እንዴት ሆነ?» ይሉናል።

«እሷ ችሎት ፊት ቆማ ምን ልትል ነው?» አለች እናቴ። «ጨው አቀብሉኝ ከማለት ዞራ መጥታ ብታነሳ የምትመርጥ ልጅ።»

«የምናገረው እኔ ነኝ። እሷ ቆማ ትታይልኝ ብቻ።»

«ኮሌጁም ያለው ይህንኑ ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ በመጣ ቁጥር ያለማምደኝ ጀመር። እኔን ሳሎኑ ጥግ ያቆመኝና እሱ ኩሽና በር ላይ ይቆማል። «ተበድያለሁ በይ!» ይላል።

«ተበድያለሁ።»

«ማን ሰማሽ? ከሆድሽ አውጪው! ተበድያለሁ!»

አንድ ቀን በር ተንኳኳ። ከላይ የሚኖሩት አዛውንት ነበሩ፤ «ምን ሆናችሁ ነው ልጆች፣ ማን በደላችሁ?» አሉ። የሰሙት የአጎቴን እንጂ የኔን አልነበረም።

በመጀመሪያው ችሎት ዳኛዋ ስሜን እንድናገር ጠየቁኝ። ተናገርኩ።

«ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።»

ከፍ አደረግሁ።

«መዝገብ ላይ መግባት አለበት፤ ከፍ ያድርጉ እንጂ።»

የኮሌጁ ጠበቃ ቀስ ብለው ተነሡ። ሽክ ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ይህም አብሮ እንዲመዘገብልን እንጠይቃለን» አሉ። ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት በአጥር የተጣሉ ጎረቤታሞች እንኳ ፀባቸውን ረስተው አብረው ሳቁ። ጉዳዩ የኔ ባይሆን እኔም እስቅ ነበር። ንዴት አንዳንዱን ሰው ያስጮኸዋል፤ እኔን ግን ያለችኝንም ድምፅ ይወስድብኛል። የቀረውን ጥያቄ ሁሉ ራሴን በመነቅነቅ መለስኩ።

ቀጥሎ ቀጠሮ ቀጠሮን ወለደ። አንዴ የኮሌጁ ጠበቃ ታመሙ፤ አንዴ ዳኛዋ ሥልጠና ሄዱ፤ አንዴ መዝገባችን ከሰው የፍቺ መዝገብ ጋር አብሮ ታስሮ ተገኘ። በመጨረሻ የኮሚቴው ሰብሳቢ ለምስክርነት ቀረቡ።

«ድምፅ የሚል መስፈርት ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል?» ሲል ጠየቃቸው አጎቴ።

«ይህ ይጻፋል እንዴ? የታወቀ ነው። መምህር ማለት ድምፅ ነው።»

«ለድምፅ የተመደበው ነጥብ ስንት ነው?»

«ነጥቡን ለየብቻ አልሰጠንም። ተነጋግረን፣ በስምምነት ነው።»

«ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ነበር?»

«አላስታውስም። ጄኔሬተር እንደሆነ ሁልጊዜም አለ፤ ሲሠራም አለ፣ ሲጠፋም አለ።»

አጎቴ ይህን መልስ ይዞ ሳምንቱን ሙሉ ሲበሳጭ ሰነበተ። እኔ ደግሞ የበለጠ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነበር። እኛ ስንመላለስ የተቀጠረው ሰውዬ ያስተምራል። ለኔ የሚገባው ሥራ ነው ብዬ የማምነውን በየቀኑ እየገባ ይሠራል፤ በየቀኑም ይበልጥ የሱ ይሆናል። አጎቴ «ባለወንበሩ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ውሳኔው የሱንም ኑሮ ስለሚነካ ፍርድ ቤቱ ጣልቃ ገብ አድርጎ ጠራው፤ ጣልቃ ገብ የሚባለው ሳይከስስም ሳይከሰስም የክርክሩ ተካፋይ የሚሆን ሰው ነው።

ቃሉን በሚሰጥበት ቀን አጎቴ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሣ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። ባለወንበሩ መጣና ከኔ ራቅ ብሎ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

«ተቀጠርኩ ብዬ የቀድሞ ሥራዬን ለቅቄ ነው የመጣሁት» አለ ወለሉን እያየ። «ልጄን ትምህርት ቤት አዛውሬ። ሚስቴ አሁንም ግማሹን ዕቃ ከካርቶን አላወጣችም። መጀመሪያ ይለይለት ትላለች።»

«እርስዎን አልከሰስኩም።»

«አውቃለሁ። ከተፈረደ የሚለቀው ግን ኮሌጁ አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

ክፉ ሰው ቢሆንልኝ እንዴት በወደድኩ! ሰነፍ ቢሆንልኝም ይበቃኝ ነበር። የዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ ከፊቱ የነበሩትን ወረቀቶች አይቻቸዋለሁ፤ በእያንዳንዱ ስህተት ጎን ትክክለኛውን ሥዕል በትንሹ እየሣለ ነበር የሚያርመው።

ችሎት ገባን። የኮሌጁ ጠበቃ ጥያቄያቸው አጭር ነበር።

«በቃለ መጠይቅዎ ጊዜ የጄኔሬተር ድምፅ ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም።»

«እርስዎ የተፈተኑት ከሳሽ በተፈተነችበት ዕለትና ክፍል ነው?»

«አዎ።»

«ፈታኞቹ በሚገባ ሰምተዎታል?»

«አዎ።»

«አመሰግናለሁ» ብለው ተቀመጡ።

አጎቴ ወረቀቱን ወደፊት ገለጠ፤ ወደኋላ ገለጠ። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። እጅጌውን ጎተትኩት። «በስንት ሰዓት እንደገባ ጠይቀው» አልኩት።

«ተይኝ፣ አሁን አታደናግሪኝ» አለኝና ለችሎቱ «መስቀለኛ ጥያቄ የለኝም» ብሎ ቁጭ አለ።

ደሜ ፈላ። ኮሌጁ ላይ ሳይሆን እሱ ላይ። ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ።

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ እኔ ጥያቄ አለኝ።»

ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ጠበቃ አለዎት እኮ።»

«ጠበቃዬ አጎቴ ነው» አልኩ። ይህ ምን ዓይነት መልስ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ለዳኛዋ ግን የገባቸው መሰለኝ፤ ፈገግ ሊሉ ሲሉ ትተውት «ይጠይቁ» አሉ።

ወደ ባለወንበሩ ዞርኩ። «ሲገቡ መብራት ነበር?»

ልደግምለት አልኩና ፊቱን ሳየው ተውኩት፤ በደንብ ሰምቶኛል። ወደ ኮሌጁ ጠበቃ አየ፤ ቀጥሎ እጆቹን አየ። አላስታውስም ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ ሰብሳቢውም ያንኑ ብለው ወደ ቤታቸው ገብተዋል።

«ነበር» አለ። «ጠዋት ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። በፕሮጀክተር ነው ያስረዳሁት።»

«ለኔ ፕሮጀክተሩ አይሠራም፣ በጠመኔ ሥሪ ነው የተባልኩት።»

«ይሄ ጥያቄ ነው ወይስ ምስክርነት?» የኮሌጁ ጠበቃ ብድግ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቸኩሉ አየኋቸው።

«ይቀመጡ» አሏቸው ዳኛዋ፤ ከዚያም ራሳቸው ባለወንበሩን ጠየቁት። «ኮሌጁ ጄኔሬተር ካለው፣ መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተሩ ለምን አይሠራም?»

«ያ ክፍል ከጄኔሬተሩ ጋር አልተገናኘም። የተገናኙት ቢሮዎቹ ብቻ ናቸው። ጄኔሬተሩ የተተከለው ግን ከክፍሉ መስኮት ሥር ነው። አሁን እዚያው ክፍል ነው የማስተምረው። እሱ ሲነሣ እኔንም አይሰሙኝም። ተማሪዎቹን ይዤ ወደ ሜዳ እወጣለሁ።»

የኮሌጁ ጠበቃ ተጨማሪ ጥያቄ እንዳላቸው ሲጠየቁ የለኝም አሉ። አጎቴ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ጨበጠው፤ እኔ ግን ገና ተቆጥቼው ስለነበር ቀስ ብዬ አስለቀቅሁት።

ፍርዱ የተነበበው ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በእኩል ሁኔታ ስላልተፈተኑ ቃለ መጠይቁ ተሽሯል፤ ከቀድሞዎቹ ፈታኞች አንድም በሌለበት አዲስ ኮሚቴ ሁለቱም እንደገና ይፈተኑ ተባለ። አጎቴ ኮሪደሩ ላይ ለእናቴ ደወለና ፎቁ በሙሉ እስኪሰማ ድረስ አበሠራት። ስልኩን ተቀበልኩት።

«አሸነፍሽ አይደል?» አለች እናቴ። «ታዲያ መቼ ትጀምሪያለሽ?»

«ገና ልፈተን ነው።»

«እንዴ! አሸንፈሽም ፈተና? ታዲያ ምኑን ነው ያሸነፍሽው?»

ባለወንበሩን ደረጃው ላይ ደረስኩበት። አመሰግናለሁ አልኩት።

«ለሚስቴ ምን እንደምላት እያሰብኩ ነው» አለኝ። አብረን ወረድን፤ በሩ ላይ ተለያየን።

ኮሌጁ በማግስቱ ፍርዱን ጠቅሶ የሰውየውን ቅጥር ሰረዘ። ከፍርዱ ውስጥ ለማክበር የፈጠነው ይህንን ብቻ ነበር። አዲሱን ኮሚቴ ላቋቁም አልቻልኩም አለ፤ ያሉት የጂኦግራፊ መምህራን ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም በፊተኛው ኮሚቴ ውስጥ ነበሩ። ፈታኝ ከሌላ ኮሌጅ ይጋበዝ ብንል በጀት አልተያዘለትም አሉን። አጎቴ ፍርዱ እንዲፈጸም ሌላ ፋይል ከፈተ፤ እነሱም ይግባኝ ጠየቁ፤ ይግባኙ እስኪታይ ድረስ አፈጻጸሙ ታገደ። ባለወንበሩ ካርቶኖቹን መልሶ ጭኖ ከነቤተሰቡ ወደ ነበረበት ከተማ ሄደ፤ የቀድሞ ሥራው ላይ ሌላ ሰው ተቀጥሮበት ስለነበር ሥራ ፍለጋ ላይ ነው። እኔ በማታ ትምህርት ቤቱ ማስተማሬን ቀጥያለሁ። ኮሌጁ የካርታ ንባብ የሚያስተምር መምህር ስለሌለው ትምህርቱን ወደሚቀጥለው ዓመት አስተላለፈ።