የበግ እግር

ሚልዮን ፌሮውን ከግድቡ አናት ላይ ቀጥ አድርጎ ያዘና በአንድ እጁ ተጫነው። የላዩ ቅርፊት ለአፍታ አስቸገረው፤ እሱን ካለፈ በኋላ ግን ብረቱ ጡጫው አፈሩን እስኪነካ ድረስ ሰተት ብሎ ወረደ። ከጠዋት ጀምሮ በሮለር አሥር ጊዜ የተመላለሰበት አፈር ነው። መረሬ አፈር በልሙጥ ሮለር ሲዳመጥ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ልል ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ጎጃም መንገድ ላይ ስድስት ዓመት አቧራ መቃም ይበቃል።

ግድቡ ባሕሪ በምትባለው የሱዳን ከተማ ጫፍ ያሉትን የጭቃ ቤቶች ከጎርፍ ሊያድን የታሰበ ነው። ባለፈው ክረምት አሥራ አንድ ቤት ፈርሷል። ዛሬም ምሥራቁ ጠቁሯል።

ወደ ኮንትራክተሩ ወደ ፈድለላ ሄደ። «ሙዲር፣ ይሄ ደካካ ለዚህ አፈር አይሆንም» አለው፣ ሮለሩን እያሳየ። «ያቺ ኮዋሪዕ ያላት ደካካ ትምጣ።»

የዐረብኛ ስሟን አያውቅም። አገር ቤት ሾፌሮቹ «የበግ እግር» ነው የሚሏት፤ ከበሮዋ ላይ የበቀሉት ሰኮናዎች አፈሩን ከሥር እየወጉ ያጠብቁታል። እሱም ቃል በቃል ተረጎመው። ኮዋሪዕ ግን ሱዳኖች በሳህን የሚበሉት የእግር ቅቅል ነው።

ፈድለላ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ያ ጀማዓ፣ ሐበሻው ርቦታል! ከኢንቲሳር አምጡለት።»

ኢንቲሳር ከግድቡ ሥር፣ ቤቷ ደጃፍ ላይ ምግብ ትሸጣለች። እናቷ ጎንደሬ ነበሩ፤ የልጅቷ አማርኛ ግማሹ ከእሳቸው ጋር ተቀብሯል። ሳህኑን ራሷ ይዛ መጣች።

«አንተ ጠየቀ አሉኝ» አለችው።

ሚልዮን አልሳቀም። አንዱን እግር ከሳህኑ አወጣና ፈድለላ ፊት አፈሩ ላይ ተጫነው፤ ሰኮናው ጠልቆ ገባ። ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን አፈር በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«የእኛ ደካካ ይሄ ነው፣ ላዩን ብቻ። ያኛዋ ከሥር ነው የምትጀምረው።»

ፈድለላ ሳቁን ዋጠ። ገብቶታል፤ የከፋውም መግባቱ ነው።

«ያቺ ማኪና ከዒድ በፊት አትገኝም። የመንግሥት መሐንዲሱ ደግሞ ግድቡን ዛሬ ይረከባል። ያላ፣ ላዩ ያብረቅርቅልኝ። ኢቃማህን የማሳድሰው እኔ መሆኔን አትርሳ።»

ያለ ኢቃማ፣ ያለዚያች የመኖሪያ ወረቀት፣ ፖሊስ ባየው ቁጥር ነው የሚለቅመው። ሚልዮን ሳጃና ሰፈር ላለችው ሚስቱ ለበቀለች ደወለና ነገራት።

«ያሳዝናሉ» አለችው። «ግን ወረቀትህ እሑድ ነው የሚያልቀው። ሁለት ልጅ ይዤ ከፖሊስ ጋር ድብብቆሽ አልችልም። ሥራህን ሥራ፤ ብቻ በዚህ ነገር ስምህ እንዳይነሳ።»

ልክ ነበረች። ያናደደውም ይኸው ነው። ሮለሩ ላይ ወጣና እንደታዘዘው ላዩ እስኪያብረቀርቅ ዳመጠው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሐንዲሱ ረሺድ መጣ። ከመኪናው አልወረደም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ግድቡን አየ፣ «ማሻአላህ» አለ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፎ ፈረመና ሄደ። አቧራው ሳይረግፍ ማካፋት ጀመረ።

ኢንቲሳር ሳህኗን ልትወስድ መጣችና ቀና ብላ ግድቡን አየች።

«ጠንካራ ነው? ልጆች ዛሬ ቤት ይደር?»

ሚልዮን «ኢንሻአላህ» ሊል አፉን ከፈተ። ሳይለው ቀረ። ፌሮውን አንስቶ ሰጣት።

«አንቺው ራስሽ ውጊው።»

ወጋችው። ብረቱ ወርዶ ጡጫዋ አፈሩን ነካ።

«ሰዎች ልነግር ነው» አለች ፌሮውን እየነቀለች። «ግን አያምኑም። እኔ ምግብ ሻጭ፣ ምን ያውቃል ይላሉ። ማን አለ ልበል?»

ከወዲያ ማዶ ፈድለላ የሮለሩን ቁልፍ እንዲያመጣለት በእጁ ይጠራዋል።

«ሚልዮን በያቸው» አላት። «የደካካው ሾፌር፣ ሚልዮን።»